ከመጋዙ ኋላ የምትቆመው ብረት

አባቴ ጋራዣችን ውስጥ ባለው የጠረጴዛ መጋዝ ሲሠራ ስፕሊተሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስለ እጅ ጉዳት በተማርንበት ሳምንት "አባዬ፣ እንግጠመው" አልኩት። "30 ዓመት ያለ እሱ ሠርቻለሁ" ብሎ ሳቀ፤ መፍቻውን ግን አቀበለኝ።

ስፕሊተር ከዲስኩ ኋላ የሚቆም ስስ ብረት ነው። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ዲስኩን እንዳይቆነጥጠው ስንጥቁን ከፍቶ ይይዛል። ከቆነጠጠው የኋላ ጥርሶቹ እንጨቱን አንስተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል፤ እጅም አብሮ ወደ ዲስኩ ሊሳብ ይችላል።

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ዲስኩን ከፍ አድርጉ። ስፕሊተሩ ከዲስኩ ገላ ወፈር፣ ጥርሶቹ ከሚከፍቱት ስንጥቅ ደግሞ ቀጠን ማለት አለበት፤ የኛ ዲስክ 3.2 ሚሊሜትር ይከፍታል። ከጠረጴዛው 90 ዲግሪ መቆሙን በስኳድራ እዩ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ የዲስኩን የፊትና የኋላ ጥርሶች አስነክታችሁ እስከ ስፕሊተሩ ዘርጉ፤ በሌላውም ጎን ድገሙ። በማስመሪያውና በስፕሊተሩ መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም በኩል እኩል ከሆነ መሃል ላይ ነው። ብሎኑን አጥብቁና እንደገና ለኩ፤ የኛ ሲጠብቅ ፈቀቅ ብሎ ነበር።

ስፕሊተር ጣትን ከዲስኩ አይከልልም፤ መሸፈኛውና መግፊያ እንጨቱ አይቅሩ። አባቴ አሁን ሶኬቱን ከመሰካቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ያቺን ብረት ያያታል።