ከቴሌ ማማ የሚሸጥ የዝናብ ማስጠንቀቂያ፦ ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አንድ ሻጭ ቢሮዎ መጥቶ «አዲስ መሣሪያ ሳንተክል፣ ባሉት የቴሌ ማማዎች ብቻ በየ15 ደቂቃው የዝናብ ካርታ እንሰጥዎታለን» ቢልዎ እየዋሸ አይደለም። ብዙ ማማዎች እርስ በርስ የሚገናኙት በማይክሮዌቭ ነው። በመካከላቸው ዝናብ ሲጥል ሲግናሉ ይደክማል፤ የደከመበት መጠን በሒሳብ ወደ ሚሊ ሜትር ዝናብ ይለወጣል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን እ.ኤ.አ. በ2006 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች 2,400 ገደማ በሚሆኑ የማማ መስመሮች የአገራቸውን የዝናብ ካርታ ሠርተዋል። ቡርኪና ፋሶ ውስጥም ተሞክሯል።

ስለዚህ በሳይንሱ ላይ ክርክር የለኝም። የእርሻ ሥራ አስኪያጅ፣ የከተማ ጎርፍ ስጋት ኃላፊ ወይም የመድን ባለሙያ ከሆኑ ግን የሚከተሉትን ሳይጠይቁ አይፈርሙ። ሻጩ ካልተጠየቀ አይናገርም።

• መስመሮቹ በየት በየት ያልፋሉ? ባለቀለሙን የዝናብ ካርታ ወደ ጎን ይበሉና የማማዎቹን መስመር ብቻ የሚያሳየውን ካርታ ይጠይቁ። ማማ የሚበዛው ሰው በሚበዛበት ነው፤ ደራሽ ጎርፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሰው ከሳሳበት ከላይኛው ተፋሰስ ነው። ድሬዳዋን ያስታውሱ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ከተማዋን ጥሶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ውሃው የወረደው ከደጋው ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ከተማ ውስጥ የተኮለኮሉ ማማዎች፣ የቱንም ያህል ቢበዙ፣ ተራራው ላይ ስለሚጥለው ዝናብ ምንም አያውቁም። ሻጩ መስመር የሌለበትን ቦታም ቀለም ቀብቶ ያሳይዎታል። ያ ቀለም ግምት ነው። የተለካው የቱ፣ የተገመተው የቱ እንደሆነ ለይቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

• ስንት ጊጋኸርዝ? ስንት ኪሎ ሜትር? በ20 ጊጋኸርዝ መስመር ላይ በሰዓት 10 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ሲግናሉን በየኪሎ ሜትሩ በ1 ዴሲቤል ያህል ይቀንሰዋል። በ7 ጊጋኸርዝ ያው ዝናብ የሚቀንሰው የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በቡርኪና ፋሶው ሙከራ የ7 ጊጋኸርዝ መስመር ያገለገለው 29 ኪሎ ሜትር ርዝመት ስለነበረው ነው። እሱም ቢሆን የሚነግርዎ የመንገዱን ሁሉ አማካይ ነው፤ ዶፉ የእርስዎ ማሳ ላይ ይጣል ጎረቤት ወረዳ አይለይም።

• ቁጥሩ ሲመዘገብ ይጠጋጋል? አንዳንድ ኔትወርኮች የሲግናሉን ኃይል የሚመዘግቡት በሙሉ ዴሲቤል ነው። በ20 ጊጋኸርዝ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ይህ ማለት አንዱ እርከን በሰዓት 10 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ካፊያው ከነጭራሹ አይታይም።

• የረጠበ አንቴና የሚፈጥረውን ስህተት እንዴት ይቀንሱታል? አንቴናው ላይ የሚቀር የውሃ ሽፋን ብቻውን 2 ዴሲቤል ሊበላ ይችላል፤ ከላይ ባለው አጭር መስመር ላይ ይህ በሰዓት 20 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ መስሎ ይታያል። የጠዋት ጤዛም ያታልላል። ዝናብ ያልጣለበትን የጥር ሳምንት መረጃ አምጡ ይበሏቸው። በዚያ ሳምንት ስንት ሚሊ ሜትር «ዘነበ»?

• መስመሩ ሲቋረጥ ምን ይጻፋል? ይህን ጠበቅ አድርገው ይያዙት። ዶፉ እጅግ ሲበረታ ሲግናሉ ጭራሽ ይጠፋል፤ መብራትም የሚሄደው በዚያው ሰዓት ነው። ባዶው ቦታ «0» ተብሎ ከተሞላ፣ የዓመቱ ከባዱ ዝናብ መዝገቡ ላይ ደረቅ ሰዓት ሆኖ ይቀመጣል። ካሳ የሚከፈለው በዚህ መዝገብ ከሆነ ደግሞ ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል።

• «ማስጠንቀቂያ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ማማው የሚያውቀው እየጣለ ያለውን ዝናብ እንጂ የነገውን አይደለም። የደመናውን አካሄድ ተከትሎ የሚሰጠው ትንበያ ቢበዛ የአንድና ሁለት ሰዓት ነው። መረጃው በየ15 ደቂቃው የሚወጣ ከሆነ ማቀነባበሪያው፣ ማስጠንቀቂያውን የሚፈርመው ኃላፊና አጭር የጽሑፍ መልእክቱ የሚወስዱትን ደቂቃ ይደምሩበት። ድምሩን ውሃው ከተራራው ሰፈርዎ ለመድረስ ከሚወስደው ጊዜ ጋር ያስተያዩ።

• ዳታው የማን ነው? የሻጩ አይደለም፤ የቴሌኮም ኩባንያው ነው። እዚህ አገር ከሆኑ የኢትዮ ቴሌኮምን ወይም የሳፋሪኮምን የተፈረመ ፈቃድ ይዩ፤ «እየተነጋገርን ነው» የሚል መልስ አይቀበሉ። ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀንም ያንብቡ። ማማው ወደ ፋይበር ሲዛወር ያ መስመር ለዝናብ መለኪያነት ይሞታል። ይህ በብዛት የሚሆነው ደግሞ ሻጩ በሚመካበት መሐል ከተማ ነው። መስመር ሲጎድል ዋጋው ይቀንሳል? የሚከፈለው በእርዳታ ፕሮጀክት ከሆነስ፣ እርዳታው ሲያልቅ የዓመቱን ክፍያ፣ የመልእክቱን ሒሳብ፣ የባለሙያውን ደመወዝ ማን ይሸፍናል?

• በስልክ ሲግናል እንለካለን ካሉ ይጠንቀቁ። በእጅዎ ያለው ስልክ የሚሠራበትን ሞገድ ዝናብ እምብዛም አይነካውም።

• ሙከራው በማን ሜዳ ነው? የኔዘርላንድስ ውጤት የሜዳማ፣ መስመር የበዛበት አገር ውጤት ነው። ተራ የዝናብ መለኪያ ገዝተው ግቢዎ ይትከሉ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ጎን ለጎን ያወዳድሩ፤ ዋናውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ያድርጉ። የወር ድምር ብቻ ካሳዩዎ አይርኩ፣ የአንዱ ቀን ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናልና። ስንት ዶፍ አመለጣቸው? ስንቴ በከንቱ አስጮሁ? ሁለቱንም በቁጥር ይጠይቁ፤ ሰው በከንቱ ከተጠራ ሁለተኛ ከቤቱ አይወጣም።

• ኃላፊነቱስ? የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩቱ አንድ ነገር፣ ሻጩ ሌላ ቢል የማንን ይዘው ሕዝቡን እንደሚያስነሱ አሁኑኑ በጽሑፍ ይወስኑ። የውሉን የመጨረሻ ገጽም ይግለጡ። «መረጃው ለማመላከቻ ብቻ ነው፤ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል አንቀጽ ካገኙ፣ በማስጠንቀቂያ ዋጋ አይክፈሉ።