ጠዋት ለልብ ወለዱ፣ ማታ ለእርማቱ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ መጀመሪያ መጽሐፌ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ አንድ ነገር አደራ አሉኝ፤ “ስለ ተመስጦ ሳይሆን በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ንገሪን።” ደስ አለኝ። እኔም የዚህ ማኅበር አባል ሆኜ በዚህ ግቢ ስማር ማወቅ የምፈልገው እሱን ነበር። ሰው ሥራ እየሠራ፣ የቤት ኪራይ እየከፈለ መጽሐፍ የሚጽፈው በየትኛው ሰዓት ነው? ገንዘቡስ ስንት ነው? ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ አንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ቁጠሩት።

ስለ ራሴ ባጭሩ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ልብ ወለዱን የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ያንግ አደልት ከሚባለው፣ ማለትም ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ከሚጻፈው ወገን ነው። ባለታሪኳ የ15 ዓመት ልጅ ናት፤ እናቷን ሆስፒታልም ባንክም እየተከተለች ታስተረጉማለች። ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ ሠርታችሁታል።

የሚያስተምር ሰው ልብ ወለድ መጻፉ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ በኋላ “ጦቢያ” በሚል ስም የታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ የታተመው በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ነው። ደራሲው በዚያን ዘመን ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተምር ነበር። የፖለቲካውን ነገር ለታሪክ ተማሪዎች ልተወውና፣ የአማርኛ ልብ ወለድ መንገድ ውጭ አገር በሚኖር አስተማሪ እጅ መጀመሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ደግሞ፣ ቶኒ ሞሪሰን እዚሁ ዲሲ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር ለአንድ የጸሐፍት ቡድን ያቀረበችው አጭር ታሪክ ነው በ1970 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ፣ “ዘ ብሉኤስት አይ” የሆነው። ከእኛው ልጆች ዲናው መንግሥቱም መዓዛ መንግሥቴም ኮሌጅ ያስተማሩ ደራስያን ናቸው። ፍራንክ ማኮርት ግን በኒው ዮርክ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ወደ 30 ዓመት ገደማ አስተምሮ፣ የመጀመሪያ መጽሐፉ የወጣለት ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1996፣ በ66 ዓመቱ ነው። ማኮርትን እወደዋለሁ፤ ያቺ 66 የምትባል ቁጥር ግን ታስፈራኛለች።

ለምን እንደምታስፈራኝ በስሌት ላሳያችሁ። አምስት ክፍል አስተምራለሁ፤ በየክፍሉ 26 ተማሪ ቢኖር 130 ልጅ ነው። ለአንድ ድርሰት 10 ደቂቃ ብቻ ብሰጥ እንኳ 1,300 ደቂቃ፣ ማለትም ከ21 ሰዓት በላይ የሚፈጅ እርማት ይጠብቀኛል። ይህ እንግዲህ የአንድ ጊዜ የድርሰት ሥራ ነው። ዝግጅቱ፣ ስብሰባው፣ የወላጅ ስልኩ አልተቆጠረም።

ሰዓቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ከባዱ ነገር ማስተማርም መጻፍም የሚቀዱት ከአንድ ጉድጓድ መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ በቃል ሲያስረዳ፣ በቃል ሲገሥጽ፣ የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር ሲያቃና የዋለ ሰው ማታ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ የሚወጣው ነገር የተማሪ ድርሰት ይመስላል፤ መግቢያ፣ ሦስት ነጥብ፣ መደምደሚያ። ነርስ ወይም አካውንታንት የሆኑ የሚጽፉ ጓደኞች አሉኝ፤ እነሱ ማታ ሲደክማቸው የሚደክመው ሌላ ቦታቸው ነው። አስተማሪ ግን ምላሱ ይዝላል። ለዚህ ነው “ስንት ሰዓት ታገኛለህ?” ከሚለው ጥያቄ ይልቅ “ጉድጓዱ ሳይጎድል ማን ቀድሞ ይቀዳ?” የሚለው የሚበልጥብኝ።

እኔ ቤት ቀድሞ የሚቀዳው ልብ ወለዱ ነው። ጠዋት በፈረንጅ ሰዓት 4፡45 እነሣለሁ፤ እስከ 6፡00 እጽፋለሁ። ያን ሰዓት ቤታችን ውስጥ መብራት የሚበራው ሁለት ቦታ ነው፤ እናቴ ክፍል ለጸሎት፣ ወጥ ቤት ለእኔ። ስልኬ ሌላ ክፍል ያድራል። የትምህርት ቤቱን ኢሜይል ከመጻፌ በፊት አልከፍትም፤ አንድ የተቆጣ ወላጅ የጻፈው ሦስት መስመር የጠዋቱን ገጽ በሙሉ ሊበላው ይችላል። ግቤ 300 ቃል ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሳምንት አምስት ጠዋት 1,500 ቃል ነው፤ በ40 ሳምንት ደግሞ 60,000። የዘመኑ ያንግ አደልት ልብ ወለድ በአብዛኛው ከ50,000 እስከ 80,000 ቃል ስለሆነ፣ አንድ ሙሉ ረቂቅ ማለት ነው። ማታው የእርማት ነው። ለእርማት የደከመ አእምሮም ይበቃል፤ መመዘኛው ተጽፎ ከፊቴ ተቀምጧልና።

በዓመት ሁለት ጊዜ ጨርሶ አልጽፍም፤ በመስከረም ልጆቹን ስተዋወቅ፣ በሰኔ ውጤት ሳስገባ። “በየቀኑ ካልጻፍክ ደራሲ አይደለህም” የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። ያን ምክር የሚሰጡት ብዙዎቹ መስከረም ላይ 130 ስም አጥንተው አያውቁም።

አሁን ማስተማር የሚሰጠኝን ልንገራችሁ። የቤት ኪራዩን ትቼ ነው፤ እሱ ላይ እንመለሳለን።

በቅርብ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ተማሪ ከክፍል በኋላ ቀርቦ፣ “ሚስ፣ በእንግሊዝኛ ሰውን አንቱ የምንለው እንዴት ነው?” አለኝ። (ጥያቄውን እዚህ ለመጻፍ አስፈቅጄዋለሁ።) “አንልም” ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጥያቄው ግን ሁለት ሳምንት ልብ ወለዴ ውስጥ አብሮኝ ከረመ። ባለታሪኳ የምታስተረጉመው ለእናቷና ለሐኪሙ ነው። እናትየው “እርስዎ ያውቃሉ፣ ዶክተር” ስትል፣ በልጅቷ አፍ የሚወጣው እንግሊዝኛ ክብሩን ሁሉ አራግፎ ነው። በእንግሊዝኛ ሐኪሙም፣ እናትየውም፣ የታክሲ ሹፌሩም፣ ውሻውም ያው “ዩ” ናቸው። ለማያውቅ አንባቢ የጎደለውን ነገር እንዴት ላሳየው?

ሁለት መንገድ አገኘሁ። አንደኛው ክብሩን ከቃል ወደ ሰውነት ማዛወር ነው። እናትየው ከወንበሯ ከፍ ብላ በግራ እጇ የቀኝ ክንዷን ደግፋ እጇን ለሐኪሙ ትዘረጋለች፤ ሐኪሙ ግን ኮምፒውተሩን እያየ ነው። ልጅቷ ቃሉን ሁሉ ተርጉማለች፤ ያንን እጅ ግን መተርጎም አልቻለችም። ሁለተኛው ለቁጣ ነው። እናት ስትናደድ ልጇን “እርስዎ ደግሞ ከየት መጡ?” እንደምትል ታውቃላችሁ፤ ከዱላ ይብሳል። እዚያ ቦታ ላይ የእናትየውን እንግሊዝኛ ድንገት የፍርድ ቤት ደብዳቤ አስመሰልኩት፤ ረጃጅም፣ ቀዝቃዛ፣ የተለካ ቃል። አሜሪካዊቷ ኤዲተሬ ከዳር ላይ “እዚህ ጋ ፈራሁ” ብላ ጻፈች። እኔ የፈለግሁት እሱን ነበር። ያንን ጥያቄ ከክፍሌ ውጭ ማን ይጠይቀኝ ነበር?

ሌላው የማገኘው ነገር የትዕግሥት መለኪያ ነው። ለ14 ዓመት ልጆች ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ የማን መጽሐፍም ቢሆን ግድ የለም። ዓይናቸው ወደ ሰዓቱ የሚሄድበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። እኔ ለዓመታት እንዳየሁት፣ ዓይናቸው የሚሄደው ጽሑፉ ሲከብድ አይደለም፤ ደራሲው ሊመክራቸው ሲጀምር ነው። ይህ ለአስተማሪ መራራ ዜና ነው። እኛ ደግሞ በተረት ያደግን ሰዎች ነን፤ ተረቱ ሲያልቅ ትምህርቱ ይከተላል። ያንግ አደልት ግን ከልጁ ትከሻ ጋር እኩል ሆኖ ነው የሚጻፈው። ባለታሪኳ 15 ዓመቷ ከሆነ የ35 ዓመት ሴት ጥበብ ሊኖራት አይችልም። ረቂቄን ሳርም በቀይ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ትልቅ ሰው ትክክለኛ ነገር የሚናገርበት ቦታ። ካገኘሁት ወይ እሰርዘዋለሁ፣ ወይ ልጅቷ እንዳትሰማው አደርጋለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል። አስተማሪ ሚስጥር ይሰማል። ልጅ በድርሰቱ ውስጥ ለእናቱ ያልነገረውን ይጽፋል፤ የሚጽፈው ለውጤት ነው፣ ወይም ስላመነኝ ነው። ያ ጽሑፍ የእርሱ ነው፤ በሕግም ቢሆን የተማሪ ድርሰት የቅጂ መብት የተማሪው ነው። ስለዚህ ደንብ አውጥቻለሁ። ከተማሪ ወረቀት አንድም ዓረፍተ ነገር፣ አንድም ክስተት አልወስድም። የገጸ ባሕርይ ስም ከማስገባቴ በፊት የሰባት ዓመት የስም መዝገቤን አያለሁ። የራሴን መጽሐፍ ክፍሌ ውስጥ አላስነብብም፣ ለተማሪዎቼም አልሸጥም። መጽሐፉ በወጣ ሰሞን አንዲት ልጅ “እኔ አለሁበት?” ብላ ስትጠይቀኝ፣ ዓይኗን እያየሁ “የለሽም” ማለት ቻልኩ። ፊቷ ላይ ያየሁት ግማሹ እፎይታ፣ ግማሹ ቅሬታ ነበር። በነገራችን ላይ በትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ አንድ ቃል አልጻፍኩም። አሠሪያችሁ ማንም ይሁን ማን፣ የሥራ ውላችሁ ስለ ፈጠራ ሥራ ባለቤትነት ምን እንደሚል ሳታነቡ በአሠሪ ኮምፒውተርና በሥራ ሰዓት አትጻፉ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እናቴ ውሉ የተፈረመ ዕለት የጠየቀችኝ “ታዲያ ማስተማሩን ልትተዪው ነው?” ብላ ነው። የማሠራችኝን ስሌት እናንተም ሥሩት። ቁጥሩ የእኔ ሳይሆን ለስሌት የተመረጠ ነው። አንድ አሳታሚ 30,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ፣ አድቫንስ የሚባለውን ሰጠ እንበል። በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ብዙ ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ይከፈላል፤ ሲፈረም፣ የመጨረሻው ረቂቅ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ መጽሐፉ ሲወጣ፣ አንዳንዴም ከወጣ ከዓመት በኋላ። በአራት ቢከፈል 7,500 ዶላር ነው። የደራሲው ኤጀንት 15 በመቶ ይወስዳል፤ 6,375 ይቀራል። ከዚያ ላይ በግሉ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው 15.3 በመቶ የሚባለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር አለ፤ በሕጉ ስሌት 900 ዶላር ገደማ። የገቢ ግብሩ ገና ነው። ይህ አንድ ክፍያ ነው፤ ቀጣዩ ከብዙ ወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የጤና ኢንሹራንስም የለውም።

ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ገንዘብ የሚመጣው መጽሐፉ አድቫንሱን ሲመልስ ነው። 19 ዶላር የሚሸጥ ባለ ጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ ለደራሲው 10 በመቶ ቢያስገኝ፣ በአንዱ ቅጂ 1.90 ዶላር ነው። 30,000ውን ለመመለስ ከ15,700 በላይ ቅጂ መሸጥ አለበት። እናቴ ስሌቱን ጨርሳ ካልኩሌተሩን አስቀመጠችና “እንግዲህ ነገ ትምህርት አለ፣ ተኚ” አለችኝ።

ኤጀንት ለምትፈልጉ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እውነተኛ ኤጀንት የሚያገኘው ደራሲው ሲያገኝ ብቻ ነው። “ረቂቅሽን ለማንበብ ይህን ያህል ክፈዪ” የሚል ካጋጠማችሁ ደብዳቤውን ዝጉት። አንድ ገጽ ማመልከቻ፣ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ጥቂቱ፤ በብዛት የሚፈለገው ይኸው ነው። ልብ ወለድ ከሆነ ሳይጨርሱ አይላክም። መልሱ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይመጣም።

የእኛ ሰው ነገርም አለ። በምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞልቶ፣ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ፣ ስንት ሰው “አንድ በነጻ ጣል አድርጊልን እንጂ” እንዳለኝ አልቆጠርኩም። ለመግዛት ካልተመቻችሁ የካውንቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት እንዲገዛ ጠይቁት። ቤተ መጻሕፍት ሲገዛ ለደራሲው ሽያጭ ነው፤ ለእናንተ ነጻ ነው፤ ሌላ የማታውቁት ልጅም ያነበዋል። በቅድሚያ ማዘዝም ይጠቅማል፤ ከመውጣቱ በፊት የታዘዘው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ ይቆጠራል፤ አሳታሚም ያን ሳምንት አጥብቆ ያየዋል።

በየሴሚስተሩ ማኅበሩ በሚያዘጋጀው የጽሑፍ ምሽት ላይ እገኛለሁ። ሦስት ገጽ ይዞ ለሚመጣ ሰው በአማርኛም በእንግሊዝኛም አነባለሁ፤ ማታ ስለሆነ ግን ቀይ እስክሪብቶ እንደምይዝ ከአሁኑ እወቁት።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምሬያለሁ። አሁን 22,000 ቃል ላይ ነኝ። የማስረከቢያው ቀን በኖቬምበር መጀመሪያ፣ የአንደኛው ሩብ ዓመት ውጤት በሚገባበት ሳምንት ነው የዋለው። ወደ ጃንዋሪ እንዲገፋልኝ ኤጀንቴ አሳታሚውን ጠይቃልኛለች፤ እስካሁን መልስ የለም።