ጊዜው ያልደረሰ አንጀት

ትምህርት አሥራ አራት

ሀ. የቅድመ ንባብ ጥያቄዎች

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ሕፃን ያለ ቀኑ ሲወለድ ቤተሰቡ ምን ዓይነት እንክብካቤ ያደርግለታል?
2. እንገር ምንድን ነው? ለሕፃኑ ይሰጣል ወይስ ታልቦ ይደፋል? ለምን?

ለ. ምንባብ

ሕፃን በእናቱ ማኅፀን ውስጥ አርባ ሳምንት ያህል ይቆያል። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ እንደ ሆነ ግን ያለ ቀኑ የተወለደ ይባላል። እንዲህ ያለውን ሕፃን ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የአካሉን ማነስ፣ የቆዳውን መሳሳትና የአተነፋፈሱን ድካም ነው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ የማያንስ፣ ከዓይን የተሰወረ ሌላ ችግር አለ። ይኸውም የአንጀቱ አለመጎልመስ ነው።

ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ምግቡን የሚያገኘው ከእናቱ ደም በእትብቱ በኩል ነው። አንጀቱ ወተት ተቀብሎ ለመፍጨት የሚያበቃውን ዝግጅት የሚያጠናቅቀው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ሕፃኑ ያለ ቀኑ ሲወለድ ይህ ዝግጅት ይቋረጣል። የአንጀቱ ግድግዳ ገና ስስ ነው፤ ግድግዳውን ከውስጥ በኩል የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ጥቂት ነው፤ ምግብን ወደ ታች የሚገፋው እንቅስቃሴም አዝጋሚ ነው። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች ወደ አንጀቱ ይገባሉ። በጎለመሰ አንጀት ውስጥ ብዙዎቹ ጉዳት አያደርሱም። ባልጎለመሰው አንጀት ውስጥ ግን ስሱን ግድግዳ አልፈው ሊገቡ ይችላሉ። ሰውነቱም እነርሱን ለመከላከል ከመጠን ያለፈ ትግል ሲያደርግ የገዛ ራሱን አንጀት ይጎዳል። ግድግዳው ያብጣል፤ የደሙ ዝውውር ይዳከማል፤ በመጨረሻም ደም ያጣው የአንጀት ክፍል ይሞታል። ሐኪሞች ይህን በሽታ «ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ» ብለው ይጠሩታል። ትርጉሙም የአንጀትን አካል እየገደለ የሚሄድ ብግነት ማለት ነው።

በሽታው ይበልጥ የሚያጠቃው ክብደታቸው ከ1500 ግራም በታች ሆኖ የተወለዱትን ነው። ብዙውን ጊዜም የሚከሠተው በተወለዱበት ዕለት ሳይሆን ወተት መውሰድ ከጀመሩ በኋላ፣ ወላጆች «እንግዲህስ ተረፈልን» ማለት በሚጀምሩበት ሰሞን ነው። የሕፃኑ ሆድ ይነፋል፤ የወሰደው ወተት ሳይፈጭ ይቀራል፤ ትውከቱ ሐሞት የተቀላቀለበት አረንጓዴ ይሆናል፤ በዓይነ ምድሩም ደም ይታያል። ሰውነቱ ይዝላል፤ ትንፋሹም ይቆራረጣል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንኳ ቢታይ ሕፃኑን ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል፤ በሽታው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊባባስ ይችላልና።

ሐኪሙ በሽታውን ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ ራጅ ነው። በራጁ ላይ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ የገባ አየር ሊታይ ይችላል። ሕክምናው የሚጀምረው አንጀቱን በማሳረፍ ነው። ወተት መስጠት ይቆማል፤ በቀጭን ቱቦ አማካይነት የሆዱ አየርና ፈሳሽ ይወጣለታል፤ ምግቡን በደም ሥር ያገኛል፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ይሰጠዋል። አንጀቱ ከተበሳ ግን ብዙውን ጊዜ የሞተውን ክፍል በቀዶ ሕክምና ማውጣት ግድ ይሆናል። ብዙ አንጀት የተቆረጠለት ሕፃን በሕይወት ቢተርፍም ምግብ ከሰውነቱ ጋር አልዋሐድ እያለው ለብዙ ጊዜ ሊቸገር ይችላል።

ታዲያ ይህን በሽታ አስቀድሞ መከላከል ይቻላልን? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. አለን ሉካስና ቲም ኮል የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር ያለ ቀናቸው የተወለዱ 926 ሕፃናትን ተከታትለው ያገኙትን ውጤት በጽሑፍ አወጡ። በሽታው ከተረጋገጠባቸው ሕፃናት መካከል ከመቶ 26ቱ ሞተዋል። የፋብሪካ ወተት ብቻ በተመገቡት ላይ በሽታው የታየው የጡት ወተት ብቻ ከተመገቡት ይልቅ ከ6 እስከ 10 እጥፍ በልጦ ነበር። ሁለቱንም ዓይነት ወተት ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ 3 እጥፍ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው የጡት ወተት በጥቂቱም ቢሆን ለሕፃኑ ጋሻ መሆኑን ነው።

ለዚህም ምክንያት አለው። የእናት ወተት ምግብ ብቻ አይደለም። በውስጡ ባክቴሪያዎች በአንጀቱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቁ የሚከላከሉ፣ ጠቃሚዎቹም እንዲራቡ የሚረዱ ንጥረ ነገሮች አሉ። በተለይ እንገር በእነዚህ መከላከያዎች የበለጸገ ነው። በአገራችን በአንዳንድ አካባቢዎች እንገርን አልቦ መድፋት፣ በምትኩም ለሕፃኑ ቅቤ ማዋጥ ወይም የስኳር ውኃ ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ማንኛውንም ሕፃን ይጎዳል። ያለ ቀኑ ለተወለደው ግን ጉዳቱ እጥፍ ድርብ ነው፤ መከላከያውን አስቀርቶ ጀርም ሊያስገባበት ይችላልና።

34 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አስተባብሮ ማከናወን ብዙውን ጊዜ ያዳግተዋል። ስለዚህ ወተቱ ከእናቱ ጡት በንጹሕ እጅ ታልቦ በንጹሕ ዕቃ ይጠራቀምና ጥቂት በጥቂቱ በቱቦ ይሰጠዋል። የእናቱ ወተት ካልተገኘ፣ አገልግሎቱ ባለበት ሆስፒታል፣ ሌሎች እናቶች የለገሱት ወተት በሙቀት ከጀርም ጸድቶ ሊሰጠው ይችላል። እናት ሕፃኑን ራቁቱን በደረቷ ላይ አድርጋ በገላዋ ሙቀት ማቀፏም ወተቷ እንዲበረክት ይረዳል። ይህ የካንጋሮ እናት እንክብካቤ የተባለው ዘዴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ተጀምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

የጡት ወተት በሽታውን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ የነርሶችና የሐኪሞች ክትትል ምንጊዜም አስፈላጊ ነው። ቢሆንም በማንኪያ የማይሞላ እንገር የአንድን ጨቅላ ሕይወት ለማትረፍ ሊረዳ እንደሚችል ማወቅ ለእናት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ለአባት፣ ለአያት፣ ለጎረቤትና ነገ ወላጅ ለሚሆን ተማሪ ሁሉ የሚጠቅም ዕውቀት ነው። አበው «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት ለዚህ ነው።

ሐ. የምንባብ ጥያቄዎች

በምንባቡ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች የተሟላ መልስ ስጡ።

1. ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን አንጀት ከጎለመሰ አንጀት የሚለየው በምን በምን ነው?
2. በሽታው የሚከሠትበት ጊዜ ወላጆችን ሊያዘናጋ የሚችለው ለምንድን ነው?
3. የ1990ው ጥናት ውጤት ምን ያስረዳል?
4. ሕፃኑ ሲታመም ወተት መስጠት የሚቆመው ለምንድን ነው? ይህስ «ወተት ጋሻ ነው» ከሚለው ሐሳብ ጋር ይጋጫልን? አስረዱ።

መ. የቃላት ጥናት

በ«ሀ» ረድፍ ያሉትን ቃላት በ«ለ» ረድፍ ከሚገኙት ፍቺዎቻቸው ጋር አዛምዱ።

«ሀ»
1. ጨቅላ
2. እንገር
3. አዝጋሚ
4. ብግነት

«ለ»
ሀ. ፈጥኖ የማይሄድ
ለ. የአካል ማበጥና መቆጣት
ሐ. በቅርብ የተወለደ ሕፃን
መ. ከወሊድ በኋላ መጀመሪያ የሚገኝ ወተት

ሠ. ሰዋስው

«ሳይ-» የተባለው ምዕላድ አንድ ድርጊት ከመፈጸሙ በፊት ሌላው መፈጸሙን ወይም አለመፈጸሙን ያሳያል።

ምሳሌ፦ ቀኑ አልሞላም። ሕፃኑ ተወለደ። — ሕፃኑ ቀኑ ሳይሞላ ተወለደ።

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በምሳሌው መሠረት አጣምሩ።

1. ወላጆቹ አልዘገዩም። ሕፃኑን ለሐኪም አሳዩት።
2. ወተቱ አልተፈጨም። በሆዱ ውስጥ ቀረ።
3. እናቲቱ እጇን አልታጠበችም። ወተቱን አላለበችም።

ረ. የጽሕፈት መልመጃ

አንዲት አያት እንገር እንዲደፋ፣ ሕፃኑም ቅቤ እንዲውጥ ትፈልጋለች እንበል። አክብሮታችሁን ሳትቀንሱ አሳቧን ለማስለወጥ የምትነግሯትን በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ከምንባቡ ቢያንስ ሁለት ማስረጃዎችን ጥቀሱ።