ምክንያትንና ውጤትን በድርሰት ማያያዝ

ተማሪዎች፣ አስረጂ ድርሰት ስትጽፉ አንድ ነገር እንዲህ ነው ብሎ መናገር ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደሆነና ምን እንዳስከተለ ማሳየት ይገባችኋል። በምክንያቱና በውጤቱ መካከል አንድ ነገር ከተዘለለ የድርሰቱ ሐሳብ ይበጠሳል። ይህን ለመረዳት ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ

መብራት በጠፋ ማታ በአቃቂ ቃሊቲ ከሚገኝ አንድ ቤት ጓዳ ብትገቡ፣ ብረት ድስቱና ክዳኑ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብረታ ብረቶች ሁሉ በብዛት ይገኛል። ከዚህም በላይ አንድ የሊትየም አቶም አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ሲሰጥ፣ አንድ የአሉሚኒየም አቶም ሦስት ይሰጣል። ታዲያ ይህ የድስት ብረት ለምን እስከ ዛሬ በየቤቱ መብራት የሚያበራ ባትሪ አልሆነም?

ዋናው ችግር ያለው በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ሆኖ አዮኖችን በሚያመላልሰው ፈሳሽ ላይ ነው። ይህ ፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ይባላል። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ድስቱን እንዳይበላ ይጠብቀዋል፤ በባትሪ ውስጥ ግን የአዮኖችን መተላለፊያ ይዘጋል። ኤሌክትሮላይቱ በውኃ የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ፣ ባትሪው ሲሞላ አሉሚኒየሙ ወደ ቦታው በመመለስ ፈንታ ከውኃው ሃይድሮጅን ይወጣል።

በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሉሚኒየም ክሎራይድና ከሌላ ጨው ውኃ የሌለበት ፈሳሽ አዘጋጁ። በዚህም ከ7500 ጊዜ በላይ እየተሞላና እየተራገፈ አቅሙ ያልቀነሰ የአሉሚኒየምና የግራፋይት ባትሪ አሳዩ። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ጨው ውድ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በእርሱ ቦታ ዩሪያን ተኩ፤ ይኸውም ገበሬዎቻችን በጤፍ ማሳ ላይ የሚበትኑት ማዳበሪያ ነው። ዋጋው ረከሰ፤ ነገር ግን ፈሳሹ ዝልግልግ በመሆኑ አዮኖቹ በዝግታ ይጓዛሉ። ሁለቱም ፈሳሾች ብረታ ብረትን ይበላሉ፤ እርጥበት ካገኛቸውም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈጥራሉ።

ይህ ጉዳይ ለአቃቂ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚቀዳው ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የተለመደው የመኪና ባትሪ እንኳ መርዛማ እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ይዟል። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሮላይት የተሻለ ነው የሚባለው ኃይል ስላስተላለፈ ብቻ አይደለም፤ ርካሽ ሲሆን፣ የያዘውን ዕቃ የማይበላ ሲሆንና ሲጣል መሬትንና ውኃን የማይበክል ሲሆን ጭምር ነው።

ለ. ማብራሪያ

አንድ ተማሪ «አሉሚኒየም በብዛት ስለሚገኝ የአሉሚኒየም ባትሪ ርካሽ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም። ሆኖም የቀረበው ምክንያት ብቻውን ውጤቱን አያስገኝም፤ የኤሌክትሮላይቱ ዋጋ ተዘሏል። እንግዲህ «ስለ...»፣ «በመሆኑም»፣ «ስለዚህ» የሚሉትን ማያያዣዎች ከመጻፋችሁ በፊት፣ ምክንያቱ ለውጤቱ የሚበቃ መሆኑን መርምሩ። ደግሞም የኦክሳይዱ ሽፋን እንዳሳየን፣ አንድ ምክንያት እንደየሁኔታው ተቃራኒ ውጤቶችን ሊያስከትል እንደሚችል ልብ በሉ።

ሐ. መልመጃ

1. የኦክሳይድ ሽፋን በድስትና በባትሪ ላይ የሚያስከትላቸውን ሁለት ውጤቶች «ግን» የሚለውን ቃል ሳትጠቀሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

2. «ዩሪያ ርካሽ ነው፤ ስለዚህ ችግሩ ተፈቷል።» በዚህ አባባል ውስጥ የተዘለለውን ነገር ከምንባቡ አውጥታችሁ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሉ።

3. በሰፈራችሁ አገልግሎቱን የጨረሰ ባትሪ ምን እንደሚደረግ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ከዚያም ምክንያቱንና ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ጻፉ።