የመድን ውል ሁኔታዎችን እንዴት እናንብብ?

"ኢንሹራንስ አለኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ፖሊሲውን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ በመድን ፖሊሲ ውስጥ "ሁኔታዎች" በሚል ርዕስ ሥር ስለሚሰፍሩት ግዴታዎች የገባኝን ያህል ለማስረዳት እሞክራለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

አጎቴ አንድ አይሱዙ ነበራቸው። ከጎጃም እህል ጭና ስትመጣ ከደጀን ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠች። ሾፌሩ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። መኪናዋ ሙሉ ሽፋን ነበራት፤ አረቦኑም በወቅቱ ተከፍሏል። አጎቴ ግን መኪናዋ ስትቆም እንጀራቸውም ስለሚቆም ቶሎ ጋራዥ አስገብተው አስጠገኗት። በ4ኛው ሳምንት ደረሰኝ ይዘው መድን ድርጅቱ ዘንድ ሲሄዱ፣ "ሳታሳውቁንና ሳንፈቅድ ለተጠገነ መኪና አንከፍልም" ተባሉ። "ልጄ፣ አደጋው እኮ ውሸት አይደለም!" ይሉኝ ነበር።

እውነታቸውን ነው። መገልበጥ ከሽፋኑ ውጪ አልነበረም። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንደባልቀው ነገር አለ። ፖሊሲው "ይህንን አልሸፍንም" የሚልበት ክፍል ስለ አደጋው ዓይነት ይናገራል። "ሁኔታዎች" የሚለው ክፍል ግን የሚሸፈነው አደጋ ደርሶም ቢሆን ካሳ ለማግኘት መድን ገቢው ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራል። አጎቴን የያዛቸው ሁለተኛው ነው።

ሁኔታዎችን በጊዜ ከፍሎ ማንበብ ይጠቅማል።

1ኛ/ ከውሉ በፊት የሚጠበቁ፦ በማመልከቻው ቅጽ ላይ እውነቱን መናገር ነው። በንግድ ሕጋችን መሠረት የመድን ሰጪውን ግምት የሚያሳስት ነገር ሆን ብሎ መደበቅ ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል፤ ሳይታወቅ የተፈጠረ ስህተት ግን በራሱ ውሉን አያፈርሰውም።

2ኛ/ በውሉ ዘመን የሚጠበቁ፦ ንብረቱን በጥንቃቄ መያዝ፣ ሥጋቱ ሲጨምር ማሳወቅ። ለመኖሪያ ተብሎ የተመዘገበ ቤት የነዳጅ መጋዘን ቢሆን ዝም ማለት አይቻልም።

3ኛ/ ከአደጋው በኋላ የሚጠበቁ፦ ቶሎ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ለፖሊስ ማመልከት፣ ሳያስፈቅዱ አለመጠገን፣ "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ ለሌላው ወገን አለመፈረም። መድን ሰጪው እነዚህን የሚጠይቀው ጉዳቱን በዓይኑ አይቶ ለመገመት ነው። የተጠገነ መኪና ስለ ጉዳቱ አይመሰክርም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ብጥሰውስ?" የሚለው ነው። በ1786 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተፈረደ አንድ የታወቀ ክስ አለ። ጁኖ የምትባል መርከብ ከሊቨርፑል ቢያንስ 50 ሰው ይዛ እንደምትነሳ በፖሊሲው ዋስትና ተሰጥቶ ነበር። 46 ይዛ ተነሳች፤ ብዙ ሳትርቅ 6 ጨምራ 52 አደረሰች። በኋላ ላይ በጠላት ተማረከች። ጉድለቱ ከመማረኳ ጋር ምንም ባይገናኝም ፍርድ ቤቱ ለመድን ሰጪው ፈረደ። እንግሊዞች ይህንን ጥብቅ ደንብ ያላሉት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት የኢንሹራንስ ሕግ ነው። በአዲሱ ሕግ ዋስትናው ሲጣስ ሽፋኑ ይታገዳል፤ ጉድለቱ ሲስተካከል ደግሞ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ሁኔታ ስናነብ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ መቼ ነው የሚፈለገው? ከአደጋው ጋር ምን ያገናኘዋል? ቢጣስ የሚቀረው ካሳው ነው ወይስ ውሉ በሙሉ?

የአጎቴን ፖሊሲ ከኮሞዲኖ ውስጥ አውጥቼ ያነበብኩት እዚህ ዲፓርትመንት ከገባሁ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ እሳቸው እንግሊዝኛ አያነቡም። "ሳይፈቀድ አይጠገን" የሚለው ሐረግ በግልጽ አለ። ቢሆንም "ጉዳቱ በፎቶና በፖሊስ ሪፖርት ከተረጋገጠ መከልከሉ ተገቢ ነው ወይ?" ብሎ መከራከር ይቻል ነበር ብዬ አሰብኩ። ግን የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አንቀጽ 674 ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በ2 ዓመት በይርጋ ይታገዳል ይላል። አደጋው ከደረሰ 3 ዓመት አልፎት ነበር። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም ስለ መድን የሚናገረው የቀድሞው ክፍል አልተሻረም።

ነገ አብዛኞቻችን በመድን ድርጅቶች ውስጥ እንቀጠራለን። ፖሊሲ ስንሸጥ ስለ አረቦኑና ስለ ሽፋኑ ብቻ አናውራ። "አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ ለኛ ይደውሉ፤ ሳናየው እንዳያስጠግኑ" የምትለዋን አንዲት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ በኦሮምኛም ሆነ ደንበኛው በሚገባው ቋንቋ እንንገር። አጎቴ ያጡት ይህችን ነበር።