ማኅበራችን ሊዋሐድ ነው፤ ቁጠባዬስ?

ጥያቄ፦ የምቆጥብበት የቁጠባና ብድር ማኅበር ከሌሎች የአካባቢያችን ማኅበራት ጋር ሊዋሐድ ነው። «ትልቅ ስንሆን ብድሩም ይጨምራል» ይሉናል። ገንዘቤ አደጋ ላይ ይወድቅ ይሆን?
(አባል፣ ከሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ የቀረበው ሐሳብ ውህደት ይሁን ዩኒየን ማቋቋም ይለዩ። ሁለቱም በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚመሩ ናቸው። በዩኒየን ማኅበርዎ ሕልውናውን እንደያዘ አባል ይሆናል፤ በውህደት ግን ሕልውናው ያከትምና ሀብቱም ዕዳውም ለአዲሱ ማኅበር ይተላለፋል። ስለዚህ ከአዲሱ ማኅበር ትልቅነት ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው የሌሎቹ ማኅበራት የብድር አመላለስ ነው። የአንዱ ማኅበር ብድር ሳይመለስ ቢቀር ጉድለቱ የሁላችሁም ይሆናል።

«እንግዲያው ትንሽ ሆኖ መቅረት አይሻልም?» ሊሉ ይችላሉ። ትንሽ ማኅበር ግን ትምህርት ቤት ሲከፈት ሁሉም አባል ብድር ሲጠይቅ ጥሬ ገንዘብ ያጥረዋል፤ የሂሳብ ባለሙያ ለመቅጠርም አቅሙ ውስን ነው። ችግሩ መዋሐዱ ሳይጣራ ሲፈጸም ነው። የኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ዋስትና ለባንክና ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት አስቀማጮች በመሆኑ፣ የእርስዎ ዋና መከላከያ ኦዲትና ጠቅላላ ጉባኤው ነው።

ድምፅ ከመስጠትዎ በፊት የሁሉም ማኅበራት የኦዲት ሪፖርትና የመመለሻ ጊዜው ያለፈ ብድር ዝርዝር እንዲቀርብ ይጠይቁ፤ የቁጠባ ደብተርዎንም ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ያመሳክሩ። ሪፖርቱ ካልቀረበ ወይም ሂሳቡ ካልተጣጣመ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ለሌላ ሰው ብድር ዋስ ከሆኑ ደግሞ የሕግ ባለሙያ ማማከሩ ይበጃል።