ማግኔት የለየው ፍሬን

በናይሮቢ የምንኖር ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረውን የሳፋሪ መኪና ውድድር እናውቃለን። ከ2003 ወዲህ ደግሞ አሮጌ መኪኖች የሚሮጡበት ሳፋሪ ክላሲክ አለ፤ በ2011 ስዊድናዊው ቢዮርን ዋልደጎርድ በፖርሽ 911 አሸንፎበታል። እኛ የቴክኒክ ክበብ ተማሪዎችም ዘንድሮ በአንድ ጋራዥ የዚህን መኪና ፍሬን አጠናን።

ካሊፐር የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫን ክፍል ነው። ኦሪጅናሉን በቀለም መለየት አይቻልም፤ ቀለም ይቀባል። ማግኔት ግን አይዋሽም። በ1970 በተሠራው 911 ኤስ የፊት ካሊፐሩ አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት አይይዝም፤ በ911 ቲ ግን ብረት ስለሆነ ይይዛል።

ሲታደስ አካሉ ይጸዳል፤ ዝገት የበላው ፒስተን ይለወጣል። ጎሚኒው ግን ደህና ቢመስልም ሁልጊዜ በአዲስ ይተካል። በቤንዚን አይታጠብም፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋልና።

ስንገጥም ተሳሳትን፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አሰርን። የአየር ማስወጫው ቡሎን ወደ ታች ዞረ፤ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። መካኒኩ መኪናው ሳይንቀሳቀስ አስቆመንና፣ «በማይ ማሂዩ ቁልቁለት ላይ ቢሆንስ?» አለን። ዝም አልን።

ፈትተን በየቦታው መለስነው፤ ፔዳሉም ጠነከረ። ወላጆቻችን ሆይ፣ የመኪናችሁ ፔዳል ከለሰለሰ ነገ አትበሉ።